መጽሐፉ ቢጠፋ ይጥፋ

ከቂሊንጦ እስከ ኮዬ በተዘረጋው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየሙና የጤፍ ማሳው ጎን ለጎን በቆሙበት አካባቢ፣ ገብቼ ባየኋቸው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሩ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አላጣሁም፤ ያጣሁት የተከፈተ በር ነው። አንዳንዱ ክፍል የተሰበረ ወንበርና ያረጀ የመማሪያ መጽሐፍ ማከማቻ ሆኗል፤ አንዳንዱ የፈተና ወረቀት ማባዣ ሆኗል፤ አንዳንዱ ደግሞ በተመረቀበት ቀን እንደነበረው ንጹሕ ሆኖ ተቆልፎበታል። ገጠር ቀመስ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ገንዘብ የሚያሰባስቡ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የሰፈር ማኅበራትና ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ገና ከበሩ «ቤተ መጻሕፍት አላችሁ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ እሰማለሁ። እኔ ግን «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ባለፈው ሳምንትስ ስንት መጽሐፍ ወደ ልጆች ቤት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪና ብዙ ቅሬታ ያድናል ባይ ነኝ።

እኔ ያለሁበት ስብስብ ማኅበር ለመባል እንኳ አይበቃም። ዕጣ ደርሶን ወደዚህ የመጣን የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ከእኛ በፊት ምድሪቱን ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ልጆች ሆነው ዛሬ በንግድና በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙ ጥቂት ሰዎች፣ እንዲሁም ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሂሳብና በንብረት ሥራ ላይ አሳልፈው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉበት። በየወሩ በቴሌብር የምናዋጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለገበሬው ልጆች ተብሎ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ኋላ ከተማው ሲደርስበት ብሎኬት የተጨመረለት ሲሆን፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉት። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ ግቢና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ካየሁት በመነሣት ነው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ አስቀድሜ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል። ነገር ግን አንድ ልጅ ንባብ የሚለምደው በማንበብ ነው፤ ለማንበብ ደግሞ ገና አይቶት የማያውቀው፣ ቀላል የሆነ፣ ብዙ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ፊደል የቆጠረ ልጅ 231ዱን ሆሄያት ለይቶ ቢያውቅ እንኳ እያንዳንዷን ሆሄ እየለቀመ የሚያነብ ከሆነ፣ አማርኛ ግሱን የሚያመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ግሱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ባለቤቱ ማን እንደነበረ ይጠፋበታል። ይህንን የሚያሸንፈው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም። የአማርኛ መጽሐፉን ገጽ በገጽ «የሚያነቡ» ልጆች አይቼ፣ ጣቴን ከመካከሉ አንዱ መስመር ላይ ሳስቀምጥ ግን ከገጹ መጀመሪያ ካልተነሡ በቀር መቀጠል የማይችሉ ብዙዎች ናቸው። ገጹን በቃላቸው ይዘውታል እንጂ አላነበቡትም።

እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ማንበብ የጀመረው ገበሬ ተመልሶ መሃይም እንዳይሆን በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ክፍሎች ተቋቁመው ነበር። ዘመቻው በዓለም መድረክ ተሸልሟል፤ የንባብ ክፍሎቹ ግን አዲስ የሚነበብ ነገር የሚያቀርብላቸውና ደጃፋቸውን የሚከፍት ቋሚ ሰው ሲጠፋ አንድ በአንድ ተዘግተዋል። በዚህ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት የንባብ ክፍሉ ኋላ የማዳበሪያ መጋዘን እንደሆነ ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ ስሙ የሚነሣው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ሲሠራ ከብዙ ዓለም ቋንቋዎች መጻሕፍት መካከል በአማርኛ ለልጆች የተጻፈ አጥቶ፣ ራሱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተመ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ ለልጆች በነጻ የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከመረጣቸው አሥር ጀግኖች መካከል አንዱ አድርጎታል። እኔን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሕንጻ ከመፈለጉ በፊት ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጓል፤ ሲያጣም አሳትሟል።

እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው የተገለበጠ ነው። ለጋሽ የሚመጣው ለሕንጻ ነው፤ ሕንጻ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጥበታል፣ በእብነ በረድ ላይ ስም ይቀረጽበታል። በዚህ አካባቢ ደግሞ ሕንጻ የራሱ ጣጣ አለው። መሬታችን መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። አናጢውም ግንበኛውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ሞልቶና ጠቅጥቆ ካልሆነ በስተቀር መሠረቱ እንደማይጸና ይናገራል። ነገር ግን ከመሬት በታች የሚቀበረው ወጪ በፎቶ አይታይምና በበጎ አድራጊዎች በጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው እርሱ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ በልገሳ የተሠራ የንባብ ክፍል ወለሉ ከመካከሉ አብጦ፣ በሩ ከመቃኑ ጋር አልገጥም ብሎ፣ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ጣሪያው ድረስ በሰያፍ ተሰንጥቆ አይቻለሁ። የሠሩት ሰዎች በቅንነት እንደሠሩት አልጠራጠርም። ነገር ግን የወለሉን ጥገና የሚሸፍን በጀት ትምህርት ቤቱ የለውም፤ ለጋሹም አንዴ አስመርቆ ሄዷል።

በዚህ ምክንያት እኛ አዲስ ሕንጻ አልሠራንም። ከድሮዎቹ የድንጋይ ክፍሎች አንዱን፣ ገበሬዎች ከመረሬው ርቀው ድንጋያማው ጉብታ ላይ የሠሩትንና እስከ ዛሬ ያልተሰነጠቀውን፣ ጣሪያውን አድሰን፣ ቆርቆሮው በዝናብ ጊዜ እንዳይጮህ ኮርኒስ አስገብተን፣ ወለሉን ሊሾ አስደርገን ተቀበልነው። መደርደሪያውን በብረት አሠራነው፤ የእንጨት መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር ከተያያዘ ምስጥ በሁለት ክረምት ውስጥ መጽሐፉን ከጀርባው በልቶ ሽፋኑን ብቻ አቁሞ ይተወዋል። ለትንንሾቹ ደግሞ መደርደሪያ ሳይሆን ሲባጎ ነው የዘረጋነው፤ የልብስ መቆንጠጫ ሰካንበትና መጽሐፎቹ ሽፋናቸውን ወደ ልጆቹ አድርገው ተሰቀሉ። የሰባት ዓመት ልጅ በጀርባው የቆመ መጽሐፍ አይመርጥም፤ ሥዕሉን አይቶ ነው የሚያነሣው።

ስለ መጻሕፍቱ የምለው ብዙ ነው። ውጭ አገር ያለ ወገን መጽሐፍ ለመላክ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚታየው ኮንቴይነር ነው። ኮንቴይነሩ በጅቡቲ ወደብ፣ ከዚያም በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ይመጣል፤ ከቀረጥ ነጻ ለማስገባት የድጋፍ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። በመጨረሻ ካርቶኖቹ ተከፍተው ሲታዩ ከውስጣቸው የሚወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም፤ መዝገበ ቃላቱ፣ ሥዕላዊ የሳይንስ መጻሕፍቱና አትላሶቹ ለላይኛው ክፍሎች ይጠቅማሉ። ነገር ግን በአንድ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ፣ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ጥራዝ ያለ አንደኛው፣ ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚያወራ የልጆች መጽሐፍና የአንድ የውጭ አገር ከተማ የታክስ ሕግ ማብራሪያ ተደርድረው አይቻለሁ። ለጋሹ ቤቱን አጽድቷል፤ ትምህርት ቤቱ «መጽሐፍ አለን» ብሎ ሪፖርት ጽፏል፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት መስመር አልደረሰችውም። ለኮንቴይነሩ ማጓጓዣ የወጣው ገንዘብ አገር ውስጥ ቢታተምበት ስንት ሺህ ቀጫጭን የተረት መጽሐፍ ይወጣው እንደነበር ማተሚያ ቤት ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

ለታችኛ ክፍል የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ 16 ወይም 24 ገጽ ያለው፣ በየገጹ አንድ ሥዕልና ከአንድ እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር የያዘ፣ በሙጫ ሳይሆን በስቴፕል የተያያዘ፣ ሽፋኑ ወፈር ያለ መጽሐፍ ነው። በሙጫ የተያያዘው አንዴ ለጥ ተደርጎ ከተከፈተ ቅጠሉ ይረግፋል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ታሪኮች በነጻ የማሳተም ፈቃድ ጭምር ይገኛሉ፤ አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ድረ ገጽ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ፣ ማንም አትሞ ሊያድላቸው የሚችል የልጆች ታሪኮችን ያቀርባል። የቀረውን ከብሔራዊ ቴያትር ጀርባና ከአራት ኪሎ መጽሐፍ ሻጮች እየመረጥን ገዛን። መምረጥ የምለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከየመጽሐፉ አንዳንድ ቅጂ አስቀድመን ወደ ትምህርት ቤት ወስደን ለልጆቹ ሰጠን፤ እጅ ለእጅ የተሻሙበትን ብቻ ጨምረን ገዛን። እኛ አዋቂዎቹ «ግብረ ገብ ያስተምራል» ብለን የወደድነው አንዱ መጽሐፍ ማንም ሳይነካው ቀረ፤ ስለ አንዲት ሰነፍ ዝንጀሮ የሚያወራው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽፋኑ ተገነጠለ።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ፤ ትልቁ ነገር እርሱ ነውና።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ሰው በአብዛኛው በሙያው የሠለጠነ አይደለም። ጡረታው የቀረበ፣ ወይም የጠመኔ ብናኝ አለርጂ ሆኖበት ከማስተማር የተነሣ መምህር ነው። ይህ ሰው መጽሐፉን የሚረከበው ሞዴል 19 በሚባለው የመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ ገቢ ሆኖ በንብረት መዝገብ ላይ በስሙ ይሰፍራል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ነው። ሲዛወርም ሆነ ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ የሚያገኘው ቆጠራው ሲሞላ ብቻ ነው፤ ካልሞላ ከኪሱ ይተካል። አንድ እንዲህ ያሉ መምህር ለምን ልጆቹን መጽሐፍ እንደማያውሱ ስጠይቃቸው አልተቆጡም፤ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝና «ልጄ፣ እዚህ ላይ የሰፈረው የእኔ ስም ነው። ሕፃኑ ቤቱ ወስዶ ቢጥለው እናቱን ልከስ ነው? ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ከተቆለፈ ግን አይጎድልም» አሉኝ። የምመልስላቸው መልስ አላጣሁም ብል ውሸት ነው። እርሳቸው ሰነፍ አልነበሩም፤ መዝገቡ የሚጠይቃቸውን በትክክል ፈጽመዋል። መዝገቡ የሚጠይቀው ደግሞ መጽሐፉ እንዲኖር እንጂ እንዲነበብ አይደለም። ስንት ልጅ አነበበ የሚል ዓምድ የለውም።

ከዚህ ላይ የቆየው ልማዳችንም ይጨመርበታል። በብራና ዘመን መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ፣ የጸሐፊ የወራት ድካም ነበርና በማኅደር ታስሮ ከግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፤ ልጅ የሚነካው ዳዊት ለመድገም ሲበቃ ነው። ይህ ክብር መልካም ነው፤ በስቴፕል ለተያያዘች የዝንጀሮ ተረት ግን አይስማማትም። መጽሐፍን እንደ ጓዳ ቅቤ የሚሸሽግ ትምህርት ቤት ለመጽሐፍ ክብር እየሰጠ ይመስለዋል።

መፍትሔው የመጣው ከመምህራኑም ከእኛም ሳይሆን ጡረታ ከወጡት ጋሼ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብረት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው ነገሩ በልመናና በምክር እንደማይፈታ ወዲያው ገባቸው። «መምህሩን አትገሥጹ፤ መዝገቡን ለውጡለት» አሉን። በሐሳባቸው መሠረት በርክክብ ሰነዱ ላይ መጻሕፍቱን በሁለት ከፈልናቸው። መዝገበ ቃላት፣ አትላስና ወፋፍራም ማጣቀሻዎች እንደ ወትሮው ቋሚ ንብረት ሆነው ተመዘገቡ። የተረትና የታሪክ መጻሕፍቱ ግን እንደ ጠመኔ፣ እንደ እስክሪብቶና እንደ ወረቀት አላቂ ዕቃ ተብለው ገቡ፤ ምክንያቱንም በቃለ ጉባኤ አሰፈርን፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በልጆች እጅ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም፤ ካረጀም ያረጀው ሥራውን ሠርቶ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢና እኛ ፈረምንበት። የወረዳው ሰው መጀመሪያ ጥርጣሬ ገብቷቸው ነበር፤ ጋሼ ግን በእርሳቸው ቋንቋ፣ በሞዴልና በደንብ ቁጥር አነጋገሯቸውና አልተቃወሙም።

በዓመቱ መጨረሻ የጠፋውና የተቀደደው ተቆጥሮ በኮሚቴ ይሰረዛል፤ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥም። እኛም ከምናዋጣው ገንዘብ አንዱን ክፍል ለምትክ ብቻ ለይተን አስቀምጠናል። ይህን ለሌሎች በጎ አድራጊዎች ሳወራ «ታዲያ መጥፋቱን አስቀድማችሁ ፈቀዳችሁ ማለት ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ፈቅደናል። መጽሐፍ ያልጠፋበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲነገረኝ ዛሬ የሚታየኝ ጥሩ አያያዝ አይደለም፤ የተቆለፈ በር ነው።

የሚገርመው የሚጠፋው ከፈራነው በታች መሆኑ ነው። ልጆቹ መጽሐፉን ያበላሹታል እንጂ አይሰርቁትም። የመመለሻ መዝገቡ ራሱ የሚነበብ ሆኗል፤ «ዝናብ አገኘው»፣ «ታናሽ ወንድሜ ሣለበት»፣ «ሽሮ ፈሰሰበት»። አንድ የገበሬ ልጅ ፍየል እንደበላችበት ተናግሮ ማስረጃ እንዲሆነው የተረፈውን ግማሽ ይዞ መጥቷል፤ የፍየሏ ጥርስ ምልክት በግልጽ ይታይ ስለነበር ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ «በፍየል» ተብሎ ሰፈረ። ጋሼ ያንን ግማሽ መጽሐፍ እንዳይጣል ከልክለው ታሪኩ ከተቋረጠበት ጀምረው ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው እንዲጨርሱት ለአራተኛ ክፍል መምህሯ ሰጥተዋታል።

የቋንቋው ነገር ተለይቶ መነሣት አለበት። ግቢው ውስጥ በአንድ በኩል ፊደል፣ በሌላው በኩል ቁቤ ይነበባል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት በቁቤ ሲሰጥ ቢቆይም ለትንንሽ ልጆች የሚሆነው መጽሐፍ በገበያው ላይ ከአማርኛውም ያነሰ ነው፤ አማርኛውም ቢሆን የተትረፈረፈ አይደለም። መሐል ከተማ ሆኖ መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው ይህን አያስበውም፤ ያሰባሰበው ሁሉ አማርኛና እንግሊዝኛ ይሆንና የግቢው ግማሽ ልጅ ባዶ እጁን ይቀራል። እኛ የአፋን ኦሮሞውን ለማሟላት ከነጻ ፈቃድ ታሪኮቹ አሳትመናል፤ ከሁሉ የተወደዱት ግን በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የያዙት ሆነዋል። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ የላይኛውን፣ የገበሬው ልጅ የታችኛውን እያነበቡ አንዱ ሌላውን ሲያርም መስማት የተለመደ ነው። አንድ አባት ሴት ልጃቸው ማታ ማታ ለአያቷ በአፋን ኦሮሞ እያነበበች እንደምታስቃቸው ነግረውናል፤ አባትየው ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ ነገር ግን መጽሐፉ እንዳይቀየር፣ አያትየዋ ያችኑ ታሪክ ደግማ ትስማ ዘንድ እንድናራዝምላት ለመጠየቅ ከማሳቸው ተነሥተው መጥተዋል።

ከቁልፉ ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በዕረፍት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ከሆነ የሚገባው ወትሮም ማንበብ የሚወድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ኳስ ይጫወታል፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራም ሠሌዳው ላይ እንዲገባ ጠየቅን። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ ከሁሉም ይበልጥ የታገልንበት ግን እርሱ ነው፤ መምህራኑ ሥርዓተ ትምህርቱን ለመሸፈን ተጨንቀዋል፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ስለነበረም ብዙ ጊዜያቸው በሰሌዳ ላይ በመጻፍ አልቋል። በስተመጨረሻ ከአማርኛና ከአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜዎች አንድ አንድ ተቆርሶ ተሰጠን።

በአንዱ እንዲህ ባለ ክፍለ ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክፍሉን የምትጠብቀው እኅት ቀድሞ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ የነበረች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ ልጆቹ እትዬ ይሏታል። ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡት መካከል አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ታነባለች። ጅቡ ወደ ጉድጓዱ፣ ትላለች፤ ትቆማለች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ከጅቡ ትጀምራለች፤ ሁለተኛ ጊዜ እስከ አራት ነጥቡ ትደርሳለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ትልና ትስቃለች። ሳቋ ከግሱ በኋላ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከጎኗ ያለው ልጅ ምን እንዳሳቃት ሲጠይቃት ገጹን በእጇ ሸፍና «ራስህ አንብበው» አለችው። እትዬም ሰምታ ነበርና «ትሰጭዋለሽ፣ ጨርሰሽ» አለቻት እንጂ አልተቆጣችም።

ለእርሷ የምንከፍለው አበል ከሁሉም ወጪያችን ለማግኘት የሚከብደው ነው። ለሕንጻ የሚሰጥ ሞልቷል፤ ለመጽሐፍ የሚሰጥም አይጠፋም፤ «ለአንዲት ሴት ወርኀዊ አበል» ሲባል ግን ሰው ፊቱ ይቀዘቅዛል። ስሙ የሚጻፍበት ግድግዳ የለውማ! ይሁንና አበሏ የቆመ ዕለት በሩ ይዘጋል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ በበጀቱ እንዲቀጥራት ጥያቄ ቀርቧል፤ መደቡ በመዋቅሩ ላይ ስላልተፈቀደ እስካሁን ምላሽ አልተገኘም።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ እጅግ ከተደሰቱት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ዛሬም ስመላለስበት ደስ ይለኛል። ነገር ግን የዚህ ሰፈር የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ታክሲ ቀያይራ አራት ኪሎ አትደርስም። ለእርሷ ቤተ መጻሕፍት ማለት በእግሯ የምትደርስበት፣ በጭቃ ጊዜም ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የምትገባበት ነው።

የዘንድሮው ክርክራችን ስለ ክረምት ነው። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ መጽሐፉ ሁሉ ተሰብስቦ ይቆለፋል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን ልጆቹ ያነበቡትን የሚረሱበት ረጅም ጊዜ አለ፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣቸውም። እኛ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሦስት ሦስት መጽሐፍ ይዘው እንዲሄዱ ጠየቅን። ከወላጆች አንዳንዶቹ ቤታቸው እንደሚያፈስ፣ መጽሐፉም እንደሚበሰብስ ተናገሩ፤ ርዕሰ መምህሩ ልጆቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወሩ እንደሚችሉ አነሡ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ሁለት ሁለት እንዲሆን፣ እያንዳንዱም በፕላስቲክ ከረጢት እንዲሰጥ ተስማማን። ቀድሞ መዝገቡን ገልጠው ያሳዩኝ መምህር፣ ከነበሩበት ትምህርት ቤት ወደዚህ ተዛውረው ኮሚቴ ውስጥ ገብተዋልና፣ የጠፋው ከማንም ላይ እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ካልሰፈረ አልፈርምም አሉ። ጋሼ ዐረፍተ ነገሩን ጻፉላቸው፤ መምህሩም ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስጨምረው ፈረሙ።